ጉንፋን በቤት ይታገሣል፤ ትኩሳት ግን ይመረመራል

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ምዕራብ ዓባያን ሲያቋርጥ በአንድ ወገን ሐይቁ፣ በሌላው ወገን የጋሞ ተራሮች ይታያሉ። የምዕራብ ዓባያዋ ከተማ ብርብርና ዙሪያዋ ሙዝና ማንጎ የሚበቅልበት ቆላ ነው፤ ሐይቁ ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ደጋው የወጣ ሰው ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ጨንቻን ያገኛል፤ እዚያ ማታ ማታ ያለ ጋቢ መቀመጥ ያስቸግራል። ጉንፋን ሁለቱንም አገር ያውቃል። ደጋውም ቆላውም አፍንጫው ሲዘጋና ጉሮሮው ሲከረክረው ዝንጅብል ይቀቅላል፣ ዳማከሴ ይቆርጣል፣ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል።

ይህ ልማድ በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱም በእርግጥ ያስታግሳል። ችግሩ የሚመጣው ጉንፋን ያልሆነው ሕመም በጉንፋን ስም ቤት ውስጥ ሲሰነብት ነው። በዓባያ ዳርቻ ደግሞ ጉንፋን መስሎ የሚጀምር ከባድ በሽታ አለ፤ እሱም ወባ ነው። ስለዚህ ይህ ማብራሪያ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ይዞ ይሄዳል፤ ጉንፋንን እቤት እንዴት ማቅለል እንደሚቻልና የቤት ሕክምናው የሚያበቃው የት ላይ እንደሆነ።

ጉንፋን ስንት ቀን ይቆያል?

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። ጉንፋን የሚያስይዙ ቫይረሶች ከ200 በላይ ሲሆኑ፣ ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ራይኖ ቫይረስ የሚባለው ነው። አንዱን ቫይረስ ሰውነታችን ቢለምደውም ሌላው ስለሚተካ፣ አዋቂ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ሕፃን ልጅ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ቢያመው የሚያስደንቅ አይደለም። ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይወልድም። በዝናብና በብርድ ወቅት ሰው በሩን ዘግቶ እሳት ዳር ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ግን ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ይመቸዋል።

ቫይረሱ ከተያዘ ሰው ከተላለፈ በኋላ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይታያል። መጀመሪያ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ቀጥሎ ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ ይመጣል፤ ከዚያ ሳል ይከተላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከብዳል። ከሰባት እስከ አሥር ባሉት ቀናት አብዛኛው ሰው ይሻለዋል፤ ሳሉ ግን ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊጎተት ይችላል። ውሃ መስሎ የሚወርደው ንፍጥ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም የተለመደ ነው፤ በዚህ ብቻ «ካፕሱል ያስፈልገኛል» ማለት አይቻልም።

ጉንፋንን ከሥሩ ነቅሎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም። ቀጥሎ የምንዘረዝረው ሁሉ ሰውነት በሽታውን በራሱ እስኪያሸንፍ ድረስ ሥቃዩን የሚያቀል ነው።

ቆላ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ዝንጅብል ከመቀቀል በፊት አንድ ነገር ይጠየቅ፤ ትኩሳት አለ ወይ?

አዋቂ ሰው በጉንፋን ብዙም አይተኩስም፤ ቢተኩስም ቀለል ያለ ነው። የወባ ሕመም ዋና ምልክት ግን ትኩሳት ነው፤ ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥለቅለቅ፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ማስመለስም ይከተሉታል። የሚያሳስተው ሕፃናት ወባ ይዟቸውም ሊያስሉ መቻላቸው ነው። አንድ ልጅ ጉንፋንና ወባ በአንድ ሳምንት አብረው ሊይዙትም ይችላሉ። ስለዚህ «አፍንጫው ይፈሳልና ወባ አይደለም» ብሎ መደምደም አይቻልም። በቆላ የሚኖር ሰው ካተኮሰው አፍንጫው ቢፈስም ባይፈስም ደሙ መመርመር አለበት።

አገሪቱ ያለችበት ሁኔታም ይህን ግድ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባሉት ጊዜያት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን የተመዘገቡ ሲሆን 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ይሰራጫል፤ ዋናው ወቅቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦትም ይጨምራል። መስቀል በጋሞ ትልቁ በዓል በመሆኑ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚኖረው ሸማኔም፣ ሌላ ከተማ የሚኖረውም ወደ አገሩ የሚገባው ልክ ወቅቱ ሲጀምር ነው። በዓሉ ጉንፋንም ያሰራጫል፤ ከወባም ጋር ያገናኛል።

እዚህ ላይ ደገኛው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለሥራ ወይም ለገበያ ወደ ቆላው ወርዶ፣ አንድ ሁለት ሌሊት አድሮ ወደ ጨንቻ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው «የደጋው ብርድ መታኝ» ይላል። የወባ ምልክት የሚወጣው ግን ትንኟ ከነከሰች ከሰባት ቀን በኋላ ጀምሮ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። በተጨማሪም ወባ በሌለበት ያደገ ሰው በሽታውን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይጠናበታል። በቅርቡ ቆላ ወርዶ የነበረ ሰው ይህን ለጤና ባለሙያው መናገር አለበት።

ምርመራው ከባድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ የተመደቡት ባለሙያዎች ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ወስደው በፈጣን መመርመሪያ ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ውጤቱን ይናገራሉ። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ደግሞ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ወባ ሆኖ ከተገኘ የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ፍሬ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ሲሻል ማቆም በሽታውን ይመልሰዋል።

አፍንጫ ሲዘጋ

ከሁሉ ቀላሉና ርካሹ መፍትሔ የጨው ውሃ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው አሟሙቶ ጥቂት ጠብታ በየአፍንጫ ቀዳዳው ማድረግ የደረቀውን ንፍጥ ያላላዋል። የሐይቅ፣ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ ወደ አፍንጫ አይገባም። የጨው ውሃው በየቀኑ አዲስ ይበጅ።

ሲናፈጡ አንዱን ቀዳዳ በጣት ይዞ ሌላውን ቀስ ብሎ መናፈጥ ይሻላል፤ ሁለቱንም ዘግቶ በኃይል መግፋት ፈሳሹን ወደ ጆሮ ሊልከው ይችላል። ማታ ትራስ ከፍ ማድረግም ያግዛል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ቢያስፈልግ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ማቆም ይገባል፤ ከዚያ ካለፈ ጠብታው ራሱ አፍንጫውን መልሶ ይዘጋዋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው አፍንጫ የሚከፍት ክኒን ከመዋጡ በፊት ባለሙያ ይጠይቅ።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ በጋቢ ተሸፍኖ መታጠን በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ለጊዜው አፍንጫውን የከፈተ ያህል ይሰማል፤ በሽታውን እንደሚያሳጥር ግን ጥናቶች አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። ትልቁ አደጋ ቃጠሎ ነው። ልጅን በሚፍለቀለቅ ድስት ላይ አጎንብሶ ማጠን ፈጽሞ አይገባም። አዋቂም ቢሆን ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ መሬት ላይ አስተካክሎ አስቀምጦ፣ ፊቱን አርቆ ይታጠን።

ጉሮሮና ሳል

ለጉሮሮ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ በቀን ጥቂት ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት ያስታግሳል። ትንንሽ ልጆች ስለሚውጡት ለእነርሱ አይመችም።

ለሳል ማር ጥሩ ነው። ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ሲሰጣቸው የሌሊት ሳላቸው ቀለል እንደሚልና እነርሱም ወላጆቻቸውም የተሻለ እንደሚተኙ ጥናቶች አሳይተዋል። አንድ ጥብቅ ክልከላ ግን አለ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ጣት ተነክሮም አይቀመስም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ተራብቶ ጡንቻን የሚያዝል አደገኛ መርዝ ያመነጫልና።

ሳልን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ የጎጆ ጭስ ነው። በደጋው በዶርዜ የቀርከሃ ቤትም ሆነ በቆላው ጎጆ እሳት የሚነደው ብዙ ጊዜ ከመኝታው ብዙም ሳይርቅ ነው። የታመመ ልጅ ካለ ምግቡን ከቤት ውጭ ማብሰል፣ ካልሆነም በሩን ከፍቶ ልጁን ከእሳቱ ማራቅ ብዙ ሽሮፕ ከሚሠራው በላይ ይሠራል።

ትኩስ መጠጥ ለምን ይረዳል?

በጋሞና በወላይታ የቡና ቅጠል ተወቅጦ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ በጨው ይጠጣል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲጠጣው ላቡ ይወጣል፣ አፍንጫው ይፈታል፣ ነፍሱ መለስ ይላል። ይህ ዝም ብሎ ስሜት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ 30 ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች አንድ ዓይነት የፍራፍሬ መጠጥ ገሚሱ በትኩሱ፣ ገሚሱ ሳይሞቅ ጠጥተው ነበር። በትኩሱ የጠጡት የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ሳል፣ ማስነጠስ፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ብርድ ብርድ ማለትና ድካም ወዲያው ቀለል አለላቸው። ሳይሞቅ የጠጡት ያገኙት እፎይታ ከዚያ ያነሰ ነበር። በመሣሪያ ሲለካ ግን በአፍንጫቸው የሚያልፈው አየር አልጨመረም። ትኩስ መጠጥ ሕመሙን ያቀላል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም ማለት ነው።

ስለዚህ የቡና ቅጠሉ፣ የዝንጅብል ሻዩ፣ የአጃ ሾርባው፣ አጥሚቱና የቡላ ሙቁ ሁሉም ያገለግላሉ። ሲያም ምግብ አልበላ ስለሚል ቀለል ያለውን፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መውሰድ ይሻላል። የደም ግፊት ያለበት ሰው የቡና ቅጠሉን ጨው ይቀንስ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና የሽፈራው ቅጠል ጥሩ ምግብ ናቸውና ይበሉ፤ ጉንፋኑን ያቆሙታል ተብሎ ግን አይጠበቅ። የቫይታሚን ሲ ክኒንም ቢሆን ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ሲወሰድ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም።

ነጭ ሽንኩርት የገባበት አረቄ ለጉንፋን መድኃኒት ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። አረቄ እንቅልፍን ይረብሻል፣ ውሃ ያስጠማል፤ በብዛት ከፓራሲታሞል ጋር ሲሆን ደግሞ ጉበትን ይጎዳል።

እንቅልፍ በነፃ የሚገኝ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ 164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተደርጎ ሲጠኑ፣ ሌሊት ከስድስት ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን ላይ ያለ ሰው ከቻለ ከእርሻው ይቅርና ይተኛ።

ራስ ምታትና ቁርጥማት

ለዚህ ፓራሲታሞል በቂ ነው። አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ይወስዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም በጣም የከሳ ሰው ከዚህ ያነሰ ስለሚያስፈልገው ይጠይቅ። ለልጅ መጠኑ የሚሰላው በክብደት ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። የሽሮፑ ብርታት ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ መድኃኒት ቤቱ በስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥ በግልጽ ያስረዳ። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ፓራሲታሞል አላቸውና ሁለቱን ደርቦ መዋጥ አደጋ አለው። ለልጆች አስፒሪን አይሰጥም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ፓራሲታሞል የወባንም ትኩሳት ለጊዜው ያበርዳል። ስለዚህ «ክኒን ወስጄ በረደልኝ» ማለት ወባ አይደለም ማለት አይደለም።

ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ

ዳማከሴ የምች መድኃኒት ነው፤ ቅጠሉ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው በቡና ወይም በሻይ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የዳማከሴ ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ ታይቷል። የአያቶቻችን ልማድ መሠረት አለው ማለት ነው። ነገር ግን እዚሁ ላይ ነው ጥንቃቄው፤ ትኩሳትን የሚያበርድ ቅጠል እንደ ፓራሲታሞሉ ሁሉ ወባን ሊሸፍን ይችላል። በቆላ ምች ተብሎ በዳማከሴ ሁለት ሦስት ቀን የሚጠበቅ ትኩሳት ወባ ከሆነ፣ እነዚያ ቀናት በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሕይወት የሚያስከፍሉ ናቸው። ዳማከሴውን የወደደ ይጠጣ፤ ግን ምርመራውን አያዘግይበት።

ዳማከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ዓይን ውስጥ አይጨመቅ። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ሲደረግ ጉዳት የለውም፤ በብዛት ተጨምቆ መጠጣት ግን ማሕፀንን ስለሚቀሰቅስ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ፌጦና ዳጣ በቃጠሏቸው አፍንጫን ለጊዜው ያፈስሳሉ፤ ጨጓራ ያለበት ሰው ባዶ ሆዱን አይሞክራቸው።

ለትንንሽ ልጆች

ጡት የሚጠባ ሕፃን አፍንጫው ሲዘጋ መጥባት ያቅተዋል። ከማጥባት በፊት ንጹሕ ጨርቅ አጠንጥኖ፣ በጨው ውሃ አርሶ ንፍጡን ማውጣት፤ ከዚያም ቶሎ ቶሎ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማጥባት ይገባል። ስድስት ወር ላልሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምንም የሚጠጣ አያስፈልገውም።

ቅቤ ወይም ዘይት በሕፃን አፍንጫ መጨመር ቅባቱን ወደ ሳንባ ስለሚያወርደው የሳንባ ምች ያስከትላል። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ሳልንም የጉሮሮ ሕመምንም አያድንም፤ ደም መፍሰስን፣ መንጋጋ ቆልፍንና በምላጭ የሚተላለፉ በሽታዎችን ያመጣል። የሳልና የጉንፋን ሽሮፖችም ለትንንሽ ልጆች ጥቅማቸው ከጉዳታቸው ያነሰ በመሆኑ ባለሙያ ሳያዝ አይሰጡ።

አሞክሳሲሊንና ሌሎቹ አንቲባዮቲኮች ቫይረስን አይገድሉም። ጎረቤት ያስተረፈውን ወይም ከመድኃኒት ቤት ሁለት ሦስት ፍሬ ገዝቶ መስጠት ተቅማጥ ከማምጣቱም በላይ፣ ነገ ልጁ የሳንባ ምች ሲይዘው መድኃኒቱ እንዳይሠራ መንገድ ይከፍታል።

ለቤተሰቡ እንዳይተርፍ

የጉንፋን ቫይረስ በእጅና በዕቃ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ ከተናፈጡ በኋላና ጉርሻ ከመስጠት በፊት በሳሙና መታጠብ፣ በክንድ ውስጥ ማሳልና ማስነጠስ፣ የቡና ቅጠል የሚጠጣበትን ዕቃ ለየብቻ ማድረግ ይበጃል። ሕመሙ በበረታባቸው የመጀመሪያ ቀናት አራስ ቤትና የታመመ አዛውንት ጋ አለመግባት ነውር ሊሆን አይገባም።

መቼ ነው ሳይዘገዩ የሚኬደው?

ልጅ ከሆነ ከሚከተሉት አንዱ ብቻ ከታየ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይወሰድ፦

- መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፤
- ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ሲተነፍስ ከጮኸ፤
- ፈጥኖ ከተነፈሰ። ልጁ ሳያለቅስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር፤ ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች ምልክት ነው፤
- ሁለት ወር ሳይሞላው ካተኮሰው፤
- ጆሮው ከመገለ ወይም ጆሮውን እያመመው ካለቀሰ።

አዋቂ ደግሞ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ደም ከተፋ ወይም ግራ ከተጋባ በዚያው ቀን ይሂድ። ተሽሎት የነበረ ሰው እንደገና ካተኮሰውም እንዲሁ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ከጉንፋን የተረፈ ሊሆን ቢችልም፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ነፍሰ ጡር፣ ስኳር፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቀደም ብሎ ቢታይ ይሻላል።

ከሐይቁ ዳር ወይም ከተራራው ጥግ የሚኖር ሰው ማታ መጓጓዣ እንደሚያጣ ያውቃልና፣ ትኩሳት ጠዋት ከጀመረ እስኪመሽ ሳይጠብቅ ጤና ኬላ ይድረስ። ሲሄድም ሦስት ነገር ይዞ ይሂድ፤ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ እቤት የተሰጠውን ክኒንና ቅጠል ሁሉ፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ያደረበትን ቦታ። ዳማከሴ መጠጣቱን ለባለሙያ መናገር አያሳፍርም፤ ትኩሳቱ ለምን እንደበረደ ባለሙያው እንዲረዳ ያደርጋል። የደም ምርመራው ነፃ ሆኖ የሳንባ ምች ምልክትም ከሌለ፣ ታማሚው ወደ ቤቱ፣ ወደ ማሩና ወደ ቡና ቅጠሉ ያለ ሥጋት መመለስ ይችላል። ትኩሳቱ በሁለት ቀን ውስጥ ካልለቀቀ ግን ተመልሶ ይመርመር።